ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፦ ከደጅ ጥናት እስከ ኢንተርቪው

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ቡና የተፈላበት ቤት ያላችሁ ቁጭ በሉ፤ የቸኮላችሁ ደግሞ አስቀምጡትና ማታ አንብቡት።

ነገሩ የተነሳው በስልክ ነው። ሰሞኑን አንድ ማታ የድሮ ተማሪዬ ደወለች። እዚሁ ጅጋ ታሪክ አስተምሬያታለሁ። ከዚያ ቴክኒክና ሙያ ገብታ በአካውንቲንግ ደረጃ አራት ጨርሳ፣ ሲኦሲውንም አልፋ፣ ቤት ከተቀመጠች ቆይታለች። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት በእኛ አካባቢ ስንቱ ወጣት ወረቀቱን ፌስታል ውስጥ አድርጎ ቤት እንደዋለ እናንተም ታውቃላችሁ።

«ቲቸር፣ ቡሬ አንድ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራኝ። ሐሙስ ነው።»

«እሰይ! ታዲያ ድምፅሽ ለምን እንዲህ ሆነ?»

«ምን ብዬ ነው የምመልሰው? ደግሞ ሰው የለኝም ቲቸር። ሰው ያለው ነው የሚገባው ይላሉ።»

«ሰው የለኝም» ያለችው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ከራሴ አልወጣም። በዚያ ማታ በስልክ የመለስኩላት ጥቂት ነው። ካርድም አለቀብኝ። ይቺ ጽሑፍ የቀረው መልስ ናት። እኔ የታሪክ ፕሮፌሰር አይደለሁም፤ በዲፕሎማ የማስተምር መምህር ነኝ። ግን ታሪክ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለእንጀራም እንደሚጠቅም ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁና ዛሬ በተግባር ላሳይ።

በመጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ላውራ።

2001 ዓ.ም. ነው። ዲፕሎማዬ ገና ቀለሙ አልደረቀም። አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) ማስታወቂያ አውጥቶ ተወዳደርኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። ለቃል ፈተና ስገባ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት ሽማግሌ ናቸው፤ «እስኪ ልጄ፣ ስለ ራስህ ንገረን» አሉኝ። ስሜን ከነአባቴ፣ የአባቴን ስም ከነአያቴ፣ የተወለድኩበትን ቀበሌ ተናገርኩና ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። «ሌላስ?» አሉኝ። «ይኸው ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቁኝን አንድ በአንድ፣ «አዎ»፣ «አይ»፣ «እሺ» እያልኩ ጨርሼ ወጣሁ።

ውጤት ሲለጠፍ በጽሑፉ ሁለተኛ፣ በቃሉ መጨረሻ ነበርኩ። ታዲያ ለሰው ምን ብዬ አወራሁ? «በዘመድ ጣሉኝ!» ለዓመታት እንዲያ ስል ኖርኩ። ለእናቴም የነገርኳት ይህንኑ ነው። ዘመድ ያስገቡ እንደሆነ አላየሁም። ያየሁት ነገር ቢኖር የራሴን ዝምታ ነው። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ በር ከፍተውልኝ ሁለት ጊዜ አልገባ ያልኩት እኔ ነኝ። አባቶቻችን «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉት ለካ እንዲህ ላለው ነው።

ይቺን ተረት እስኪ ልብ በሏት። «ባለመናገር እህል ይቀራል» ወይም «ከብት ይቀራል» አላለችም፤ ደጃዝማችነት ነው ያለችው። ሹመት ማለት ነው፣ በዛሬ ቋንቋ የሥራ መደብ። ስለዚህ አገራችን ኢንተርቪውን ከፈረንጅ የተማረች የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። እኛ ቃለ መጠይቅ የምንለው ነገር ሦስት ዘመን አለው። በእያንዳንዱ ዘመን በር ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ይለያያል።

፩. «የማን ነህ?»

የመጀመሪያው ደጅ ጥናት ነው። ድሮ ሹመት፣ ርስት፣ ጉልት፣ ፍርድ፣ ምሕረት የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ ጌታ ደጅ ነበር። የጎጃም ሰው ደጅ የሚጠናው ዛሬ ደብረ ማርቆስ በምንላት በመንቆረር ነው። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ በኋላም፣ ልጃቸው ራስ ኃይሉ ጎጃምን እስከ 1924 ዓ.ም. በገዙበት ዘመንም፣ ከዳሞት፣ ከቡሬ፣ ከአቸፈር የሚነሳው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ፣ እጅ መንሻውን አስጭኖ፣ ወደዚያው ነበር የሚጓዘው።

ታዲያ ደጁ ላይ አጋፋሪ አለ። ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ የሚለው በእሱ እጅ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ አለ። ደጅ ጠኚው ሳምንት፣ ወር፣ አንዳንዱም ዓመት ይጠብቃል። ጌታው ሲወጡ ይታያል፣ ሲገቡ ይታያል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ይታያል። መታየት ራሱ ሥራ ነበር። አለባበሱም ሕግ ነበረው፤ ከበላይ ፊት የሚቀርብ ሰው ሸማውን ወገቡ ላይ አሸንፍጦ ያደገድጋል። እንደ ጌታ ተከናንቦ የቀረበ ሰው ጥጋበኛ ነው። ዛሬ «ለኢንተርቪው ምን ልልበስ?» ብላችሁ የምትጨነቁት ጭንቀት አያቶቻችሁም ተጨንቀውታል።

በመጨረሻ የሚቀርብበት ቀን ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ነህ?» የሚል ነው። የማን ልጅ፣ የማን ወገን፣ ከማን ጋር የዘመተ? መልስ ያለው ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። መልስ የሌለው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል፤ አንደበቱ። በልሃ ልበልሃ በሚባለው የሙግት ሥርዓት ያደገ ሕዝብ ስለሆነ፣ አቋቋሙን አሳምሮ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አንስቶ የሚናገር ሰው ከየትም ይምጣ ጆሮ ያገኛል። ተረቷም የመጣችው ከዚህ ደጅ ይመስለኛል።

ደጅ ጥናትን የማወራው ናፍቄው አይደለም። ስንቱን ሰው እንዳከሰረ፣ የስንቱን ክብር እንዳወረደ ይታወቃል። እህሉን ትቶ፣ ሚስቱን ትቶ፣ በሰው ደጅ የሸበተ ሰው ብዙ ነው። ተማሪዬ «ሰው የለኝም» ስትል ስጋቱ ከዚያ ደጅ የመጣ ነው። ደጁ ፈርሷል፣ አጋፋሪውም የለም፣ ፍርሃቱ ግን በዘር ተላልፎ እዚህ ደርሷል።

፪. «ምን ታውቃለህ?»

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ጎጃም፣ ሌላ ዓይነት በር ነበር። ጉባኤ ቤት።

ቅኔ በአገራችን ሦስት ቤቶች እንዳሉት ይነገራል፤ ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ። ከሦስቱ ሁለቱ የእኛው የጎጃም ናቸው። ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ኤልያስን ስትጨምሩበት ይህ አገር ለቆሎ ተማሪ ምን እንደነበር ይገባችኋል። ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከወሎ ሳይቀር ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚማር ልጅ ሞልቶ ነበር። የእኛ እናቶች ዛሬም ድረስ ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ አይነፍጉም።

እዚህ በር ላይ «የማን ነህ?» የሚል ብዙም አይጠቅምም። የባላባት ልጅም ሆነ የድኻ ልጅ ጎጆው አንድ፣ ልመናውም አንድ ነው። የሚጠየቀው የምታውቀው ነው። አጠያየቁን እዩት። ተማሪው ቀን ቀን ዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለት በልቡ እያወጣ እያወረደ ያዘጋጃል። ከዚያ መምህሩ ወይም አስነጋሪው ፊት ቀርቦ ይነግራል። የተሳሳተው ይቃናል፣ የተበላሸው ይጣላል። ጓደኞቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይሰማሉ። ከጉባኤ ቃና ተነስቶ፣ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁን አልፎ፣ እስከ መወድስ ድረስ ሲወጣ ያ ልጅ በሰው ፊት አፉን ከፍቶ የተቃናው ስንት መቶ ጊዜ እንደሆነ አስቡት። አፈር ብሎ የቀረ የለም።

ሲጨርስ ያስመሰክራል። ድጓ የተማረ ቤተ ልሔም ሄዶ፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አምባ ሄዶ፣ አዋቂዎች ፊት ቀርቦ እውቀቱን ያስመሰክራል። መምህሩም ይመርቀዋል። አያችሁ? ዛሬ «ምሩቅ ነኝ»፣ «ምስክር ወረቀቴ ይኸው» የምንለው ቃል ሁሉ ከዚያ ጓዳ የወጣ ነው። ምርቃት ወረቀት አልነበረም፤ የመምህር ቃል ነበር። ምስክሩም ማኅተም አልነበረም፤ ያየና የሰማ ሰው ነበር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውም ተረት የዚሁ በር ዘበኛ ነው።

የሁለቱን በሮች ግጭት በደንብ ለማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ ማንኩሳን ታልፋላችሁ። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የሚጀምረው እዚያ ነው። በዛብህ የማንኩሳ የድኻ ልጅ ነው። ቅኔ ተምሮ አዋቂ ሲሆን ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር አስገቡት። ለማስተማሩ ሲሆን እውቀቱ በቃ። ፍቅሩ በመጣ ጊዜ ግን ያ የድሮ ጥያቄ ተመለሰ፤ «የማን ልጅ ነው?» መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ የሚያነብ ብዙ ነው። እኔ በክፍል ውስጥ ሳስተምረው ግን የሁለት ጥያቄዎች ጦርነት አድርጌ ነው፦ የማን ነህ እና ምን ታውቃለህ።

ደራሲው ራሳቸውም ይህን በገዛ ሕይወታቸው ያለፉ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ተወልደው፣ በጎጃም ጉባኤ ቤቶች የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው፣ ከዚያ አዲስ አበባ ወርደው ዘመናዊውን ተማሩ። ዳንግላ ጉምሩክ ሠርተዋል፣ ደብረ ማርቆስም ትምህርት ቤት አስተዳድረዋል። ከጦርነቱና ከጣሊያን እስር በኋላ እስከ አምባሳደርነትና ሚኒስትርነት ደርሰዋል። ከአኩፋዳ ተነስቶ እዚያ የደረሰ ሰው ከእኛው መንደር መውጣቱን ልጆቻችን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

፫. «ምን ትሠራልናለህ?»

ሦስተኛው ዘመን ቢሮ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ባንክ ተከፈተ፣ ፖስታና ስልክ መጣ፣ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ። ባቡር ጣቢያ ላይ ያለው ኃላፊ የአያትህ ስም ሒሳብ አይሠራለትም። ፈረንሳይኛ ታነባለህ? ደብዳቤ ትጽፋለህ? ገንዘብ ቆጥረህ ሳይጎድል ታስረክባለህ? ጥያቄው ተለወጠ።

ነገር ግን መሥሪያ ቤት ሲበዛ ደጅ ጥናቱም ተከትሎት ገባ። ሰው በደብዳቤ ፋንታ በአማላጅ፣ በፈተና ፋንታ በባለሥልጣን ትእዛዝ ይቀጠር ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ማዕከላዊ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ለዚህ ነው፤ ቅጥር በማስታወቂያ፣ በትምህርት ማስረጃና በውድድር እንዲሆን። በደርግ ዘመን ደግሞ የኮሌጅ ምሩቅ ምደባውን ተቀብሎ ወደተባለበት ይሄድ ነበር። የዚያ ዘመን መምህራን «እኛ ኢንተርቪው አናውቅም፤ ሥም ዝርዝራችን ተለጥፎ ነው አገር ለአገር የተበተንነው» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ስለዚህ አባትና እናቶቻችን ለኢንተርቪው ምክር ቢያጡብን አይፈረድባቸውም። መጀመሪያውኑ አልተጠየቁም።

ዛሬ ሕጉ ሦስተኛውን ጥያቄ ነው የሚያውቀው። የፌደራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በሥራ ፈላጊዎች መካከል በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞችም ድጋፍ ያደርጋል። የግል ድርጅት ከሆነ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው የምትተዳደሩት፤ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ይህንን ማወቅ ነውር የለውም። የሚቀጠር ሰው የሚገባበትን ቤት ሕግ ማወቅ አለበት።

አሁን እውነቱን እናውራ። ሕጉ ሦስተኛውን ቢጠይቅም አንዳንዱ ጠያቂ ልቡ አሁንም መጀመሪያው በር ላይ ነው። «የማን ነሽ?» ይላል፣ ባይናገረውም። ይህን ክጄ ተማሪዬን አላታልላትም። በሽታው የእኛ ብቻ እንዳልሆነም ነገርኳት። ቻይናዎች ለባለሥልጣንነት የሚያስፈትኑበት ሥርዓት ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የቀረው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ዘመድ እንዳይገባበት የተፈታኙን ስም ይሸፍኑ ነበር። በእጅ ጽሑፉ እንዳይታወቅ ደግሞ ወረቀቱን ሌላ ጸሐፊ እንደገና ይገለብጠው ነበር። እንግሊዞችም ቢሆኑ በትውውቅ ሲቀጥሩ ኖረው፣ ይቅር የሚል ጥናት የቀረበላቸው በ1854፣ ውድድሩ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን የታዘዘው በ1870 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ገና መንገድ ላይ ነን። መንገድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ መሄዱን አያቆምም።

፬. እና ምን አልኳት?

አንደኛ፣ ደጁን አጥኚ። ደጅ ጠኚ ከመግባቱ በፊት የጌታውን ጠባይ፣ የቤቱን ወግ፣ ማን ማን እንደሆነ ጠይቆ ይጨርስ ነበር። አንቺም ድርጅቱ ምን ያመርታል፣ ለማን ይሸጣል፣ የተወዳደርሽበት መደብ ቀን ከቀን ምን ይሠራል የሚለውን እወቂ። ቡሬ የሚሠራ ሰው ጠይቂ። ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አንብቢው፤ ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ እዚያው ላይ ተጽፈዋል።

ሁለተኛ፣ ቅኔ ቁጠሪ። የምትመልሺውን በልብሽ ብቻ አታስቢ፤ በአፍሽ አውጪው። ቀን አዘጋጂ፣ ማታ ለእህትሽ ንገሪያት፣ ታቃናሽ። እናትሽም ይስሙ። ያልገባቸው ነገር ካለ ጠያቂውም አይገባውም። ከሕይወትሽ ሦስት እውነተኛ ታሪክ ያዢ፤ የቸገረሽ ነገር፣ አንቺ ያደረግሽው፣ መጨረሻው ምን ሆነ። እናትሽ ጠላ ሲሸጡ ዱቤውን በደብተር የያዝሽላቸው አንቺ አይደለሽም? ያ እኮ ሒሳብ አያያዝ ነው! «ልምድ የለኝም» ብለሽ እንዳትጨርሺው።

ሦስተኛ፣ ሰሙን ትተሽ ወርቁን መልሺ። የኢንተርቪው ጥያቄ ሁሉ ሰምና ወርቅ አለው። «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉ ሰሙ ስምና ትውልድ ነው፤ እኔ የተሸወድኩት እሱ ላይ ነው። ወርቁ «ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች አንቺን ለምን እንውሰድ?» ነው። «ድክመትሽ ምንድነው?» ሲሉ ወርቁ «ራስሽን ታውቂያለሽ? ታርሚያለሽ?» ነው። «ከቀድሞው ቦታ ለምን ለቀቅሽ?» ሲሉ ወርቁ «እኛንስ ነገ ታሚናለሽ?» ነው። ደሞዝ ስንት ትፈልጊያለሽ ሲሉም ገበያውን አጥንተሽ መሆኑን ነው የሚያዩት።

አራተኛ፣ ምስክርሽን ያዢ። ኦሪጅናልና ኮፒ ለየብቻ፣ የደረጃ አራት ማስረጃሽ፣ ሲኦሲው፣ መታወቂያሽ። ጠዋት ኮፒ ቤት መብራት ጠፍቶ ስትንከራተቺ እንዳትገኚ። መንገዳችንን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ቢቻል ረቡዕ ቡሬ ዘመድ ቤት እደሪ፤ ካልተቻለ በመጀመሪያው ሚኒባስ ውጪ።

አምስተኛ፣ ቀና በይ። እኛ ልጅን «በትልቅ ሰው ፊት አትናገር፣ ዓይን ለዓይን አትተያይ» ብለን ነው ያሳደግነው። ይህ መከባበር ነው፤ አልጠላውም። ጠረጴዛው ላይ ግን ያንቺ ትሕትና ለጠያቂው ያላወቅሽ ይመስለዋል። ስትገቢ ጎንበስ ብለሽ ሰላምታ ስጪ፣ «ተቀመጪ» ሲሉሽ ተቀመጪ፣ ከዚያ ቀና ብለሽ የጠየቀሽን ሰው እያየሽ ተናገሪ። አክብሮትም ድፍረትም በአንድ ሰው ላይ ይኖራሉ። ባለቅኔው እኮ መምህሩን እግር ስሞ ነው ቆሞ ቅኔውን የሚዘርፈው።

ስድስተኛ፣ የማታውቂውን አላውቅም በይ። ኤዲሰን፣ የአምፖሉ ሰውዬ፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ለሥራ ፈላጊዎች ወደ 150 የሚጠጋ ጥያቄ አዘጋጅቶ ሰውን ሁሉ ይጥል ነበር፤ «ፈረንሳይን የሚያዋስኗት አገሮች እነማን ናቸው?» የሚል ሳይቀር። በዚያው ዓመት አንስታይን አሜሪካ ሲሄድ ጋዜጠኞች ከዚያ ፈተና አንዱን፣ የድምፅን ፍጥነት፣ ቢጠይቁት «መጽሐፍ ላይ ያለውን በቃሌ አልይዝም» የሚል መልስ ሰጣቸው ይባላል። አንስታይን አላውቅም ካለ አንቺ ብትዪ ምን ይገርማል? ግን እንደ እሱ ጨምሪበት፤ «አሁን አላውቀውም፤ ከዚህ ከዚህ ቦታ ግን አገኘዋለሁ» በይ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያልና፣ ውሸትም አብሮ ይታያል።

ሰባተኛ፣ አንቺም ጠይቂ። «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ «የለኝም» ብለሽ አትውጪ። «የመጀመሪያው ወር ላይ ከእኔ የምትጠብቁት ምንድነው?» በይ። ያኔ ደጅ ጠኚ መሆንሽ ቀርቶ ሠራተኛ ሆነሽ ታይተሻል።

ለጠያቂዎችም አንድ ቃል አለኝ። እዚህ ገጽ ላይ ኮሚቴ ሆናችሁ የምትቀመጡ አላችሁ። እባካችሁ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ፤ ነጥቡን ሳትመካከሩ ለየብቻ ሙሉ፤ ከዚያ ደምሩት። ከገጠር የመጣ ልጅ ዝም ሲል ቶሎ አትዝጉት። የእኔ ሽማግሌ «ሌላስ?» ብለው አንድ ዕድል ጨምረውልኝ ነበር። ያልተጠቀምኩበት እኔ ብሆንም፣ የሰጡኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እናንተም ቢያንስ ያንን ስጡ። በማመልከቻው ላይ የአባቱን ስም ስታዩ «ይሄ የእነ እከሌ አይደል?» ብላችሁ የምትተያዩትን ነገር ደግሞ ተዉት። ያ ጥያቄ ፊታውራሪ መሸሻን የት እንዳደረሳቸው አንብባችኋል።

፭. ሐሙስ

ሐሙስ ማታ ደወለች። ስድስት ሰው ነበር አለች። ስለ ራስሽ ንገሪን ሲሏት የጠላውን ደብተር ነግራቸዋለች። አንደኛው ሳቅ ብለው «ዱቤ ያልከፈለ ሰው ምን ታደርጊው ነበር?» አሏት። «በወር መጨረሻ ስማቸውን ለእናቴ አነብላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስታገኛቸው ሰላም ትላቸዋለች፤ ይከፍላሉ» አለቻቸው። ሁሉም ሳቁ። ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ አንድ የሒሳብ ፕሮግራም ሲጠይቋት ግን እንደማታውቀው ተናግራ፣ የት እንደምትማረው ጨምራ ነግራቸዋለች።

ውጤቱ ትናንት ወጣ። ተጠባባቂ አንደኛ ናት። አልገባችም እንግዲህ። ቀድሟት የገባው ልጅ የሦስት ዓመት ልምድ ያለው ነው አሉ።

«አዘንሽ?» አልኳት።

«ትንሽ። ግን ቲቸር፣ ተናግሬ ነው የወጣሁት» አለችኝ።

እኔ በ2001 ይህንን ማለት አልቻልኩም ነበር። እሷ ከወደቀችበት የምትማረው አላት። እኔ ግን የት እንደወደቅኩ እንኳ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሁሉን ነገር «ዘመድ» ላይ ደፍድፌው ስለነበር። የሚቀጥለውን ማስታወቂያ አሁን አብረን እየፈለግን ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙን የሚያስተምራት ሰው ፍኖተ ሰላም አግኝተናል። ቡሬም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ባሕር ዳርም ጀማሪ አካውንታንት የሚፈልግ ቤት የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አማላጅነት አልጠይቃችሁም። ማስታወቂያው የት እንደተለጠፈ ብቻ ንገሩኝ፤ ቀሪውን ራሷ ትናገራለች።

እስኪ እናንተም የመጀመሪያ ኢንተርቪዋችሁን ከታች ጻፉልን። ያለፋችሁበትን ብቻ አይደለም፤ የወደቃችሁበትንም። ልጆቹ ይማሩበታል። ሥራ ፈላጊ ወንድምና እህት ያላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉላቸው።

መልካም ሳምንት፣ ከጅጋ።